ማን ቀደመ

ታርቱ ከተማ ላይ ወንዙ እንደ ረጋ፣
ማሬት ሰሌዳውን ስትሞላ እስኪነጋ፣
ሣጥን ከሣጥን ጋር በቀስት አያይዛ፣
የቀዳችው ሻይም በረደ እንደ ዋዛ።

አንዲት መስመር አለች፣ ሁለት ሰው የያዛት፣
አንዱ ሲያቃናት ሌላው የሚሰርዛት፤
ሩፊኖ በበጋ፣ ቫልፓራይሶ ሆኖ፣
ቃሏን ቀየረባት፣ የራሱን ቃል አምኖ፤
እሷም በዚያች ቅጽበት ሌላ ተክታለች፣
«ማን ቀደመ?» ብላ ሰርቨሯ ቆማለች።

ሰዓትስ ምን ያውቃል? በየቤቱ ይዋሻል።
ድር ቢያብር ይሉናል፤
ሲጠላለፍስ ማን አይቷል?

«ዳኛ» ያለችውን ሣጥን በእጇ ጠረገች፤
«ሁለቱም ይቆዩ፣ ሰው እስኪመጣ» አለች።

ሩፊኖ ሲነቃ ሁለቱን አነበበ፣
«የቱ ነበር የኔ?» ብሎ ብዙ አሰበ፤
አንዱን አጠፋና ሌላውን ግን ተወው።
የማን እንደነበር
ማሬትም አልነገረችው።