ማሚቶ ስትቀድም

ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ፦ «ፎንቴ ሙዳ፣ ቁጥር አራት»።
የእኔ ሥራ መዝገብ ነው፤ ማየት፣ መጻፍ፣ ማሸግ፣ መክተት።

ጳጳሱ የላኳቸው ሁለት፤ ተአምር በሚዛን የሚለኩ፤
አባ ጋውዴንሲዮ፣ ከሚያለቅስ ሐውልት ጀርባ ቧንቧ ፈልገው የማያጡ፤
ኢሊዲዮ ደግሞ የድምፅ ሰው፣ ካሜራው ግንባሩ ላይ፣
ብስኩቱ ኪሱ ውስጥ፣ እምነቱ መሣሪያው ላይ።

ፖርቱጋል፣ ከተራሮቹ ኋላ፤
ወጣቱ ለግንብ ሥራ ፈረንሳይ የሄደበት፣
ሰባት አሮጊት፣ አንድ ትራክተር፣
ቅዳሜ ቅዳሜ የዳቦ መኪና የሚመጣበት።
ቁልፍ ያዥዋ ዴኦሊንዳ በሩን ከፈተች፤
ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ እደጁ ቀረች።

ኢሊዲዮ አጨበጨበ፣ የቤቱን ገደል ማሚቶ ሊለካ።
ጧ!
ምስሉን አቆምኩት፤ መዳፍ ከመዳፍ ገና ሳይነካካ።
በመሃል አየር አለ፣ አቧራ አለ፤
ድምፁ ግን ደርሷል። ማን ከማን ተቀበለ?

«እስቲ ድገመው» አሉ አባ፣ ሳቁም፤
ሳቃቸው ቀደመ፣ እሳቸው ተከተሉ።
በሌላ አገር ሰው ይጣራል፣ ማሚቶ ትመልሳለች፤
እዚህ እሷ ናት ጠሪዋ፤ ሰዎቹ ናቸው ገደሉ።

ሁለተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።
ክፍተቱ ሰፍቷል። ግድግዳው «አሜን» ብሎ ጨርሷል፣
አባ ገና «አባታችን ሆይ» ላይ ናቸው።
ከዚያ ጩኸት።
የሁለት ወንድ ጩኸት፣ ከሆድ የተነቀለ።
ተያዩ። ማንም አልጮኸም፤ የማንም አፍ አልተከፈተ።
ኢሊዲዮ ግን ድምፁን ያውቃል፤ ሲቀዳው ነው የኖረ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤
እነዚህ ገና ያልወጣውን ሰምተው፣
የሚከፍሉት ጩኸት ዕዳ ሆኖባቸው፣
በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘዋል።
አንድ ደቂቃ። ስድስት። አሥራ አንድ።
አባ መቁጠሪያቸውን ነክሰዋል።
ከመሠዊያው ሥር ድንጋይ ሲንሸራተት፣ ቀስ ብሎ፣
እንደ ከባድ መሳቢያ —

እዚህ ላይ ያልቃል።

ዴኦሊንዳ ተጠይቃ በወረቀት ጻፈች፦
«በሩ ላይ ነበርኩ። አልጮኹም።
ዝም ብለው ነው የወረዱት።»

ካሴቱን አወጣሁ። ማሽኑን አጠፋሁ።
ማዳመጫው አንገቴ ላይ ነው፤ ገመዱ ከምንም አልተያያዘ።
ከውስጡ፣ ቅጥን ብሎ፣ የራሴ ድምፅ፦
«ማነው?» አለ።

በሩን ገና ማንም አላንኳኳም።