ጭቃው ይመስክር

ሁለት ለአንድ።
ዳኛው ሰዓቱን እያየ፣ ፊሽካው ከከንፈሩ ደርሶ፣
ኳሱ የስንሻውን ጉልበት ነክቶ ገባ፣ መንገዱን ቀልብሶ።
ከዚያ ወዲያ የሆነውን ዓይኔ አላየም፤ ጆሮዬ ግን ሰማ፤
ዝም ያለ ሕዝብ ድምፅ አለው፤ ሞተሯ እንደጠፋ ጀልባ በጨለማ።

የዘጌ ልጆች ዋንጫውን አቅፈው በጀልባ ተሻገሩ፤
ውሃ ድምፅ አይሸሽግም፤ እዚህ ድረስ ይሰማል ሲጨፍሩ።
ለድላችን ተብሎ የታዘዘው አሣ ተጠብሶ በላተኛ አጣ፤
አሰልጣኝ መኳንንት ሂሳቡን ከፍሎ፣ በጓሮ በር ወጣ።
ልጆቹ በየብስክሌታቸው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣
"እትዬ አንጓች፣ ይቅርታ" እያሉ፣ ማልያውን ከፊቴ ቆልለው፣
ሄዱ።
ይቅርታ የሚባለው ለምኑ ነው?
የአሥራ አንድ ሰው ላብ ከፊቴ ተከምሮ፣ በደለኛው ማነው?

እኔ የሽምብጥ ማልያ አጣቢ ነኝ፤ የኳስ ሕጉ አይገባኝም፤
ኦፍሳይድ ሲሉ አብሬ እጮሃለሁ፤ ምን እንደሆን ማንም አልነገረኝም።
ጭቃ ማንበብ ግን አውቃለሁ።
ጉማሬው ለግጦሽ ሳይወጣ ልጨርስ ብዬ፣ ከደንገሉ ሥር፣
ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ባንድ እዘረጋለሁ።

አምና ስድስት ለባዶ ስንወቃ፣ በእነዚሁ በዘጌዎች፣
ማልያው እንደሄደ መጣ፤ የሳሙናዬ ሽታ እንኳ አልለቀቀም ከእጅጌዎች።
አንድ ሳሙና ሳልጨርስ ታጠበ፤ ክንዴም አልደከመም፤
ያን ቀን ነው የተሸነፍነው፤ ያን ቀን ግን ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።

ዛሬ?
ዛሬ ሦስተኛው ሳሙና አለቀ፤ የሳፋው ውሃ ደፈረሰ፤
የሰኔን ጭቃ አንዱን ሳስለቅቀው፣ ሌላው ከሥሩ ደረሰ።
የፈንታሁን ሰባት ቁጥር፣ ከእንብርቱ እስከ አንገቱ ሣር፤
ዘጌ ላይ አግብተን የማናውቀውን ጎል፣ ወድቆ በግንባሩ ሲያስቆጥር።
የስንሻው ቁምጣ፣ ጠርዙ ላይ፣ ክብ የኳስ ማኅተም ይዟል፤
እሱን ደጋግሜ አሸሁት፤ ልጁ ባያየው ይሻላል።

ደግሞ አንድ ቁጥር፤ የበረኛው፣ የይበልጣል፤
በቀኝም ጭቃ፣ በግራም ጭቃ፤ ከየትኛው ወገን ይጀመራል?
ባንድ ጎኑ ብቻ የሚቆሽሽ በረኛ አይቻለሁ፣ ሌላውን ፈርቶ የሚተው፤
ይኼ ልጅ ግን በሁለቱም ወድቋል፤ ከአሥራ ምናምን ኳስ ሁለት ነው ያመለጠው።

ታዘባቸው አሣ አጥማጁ፣ ታንኳውን እየቀዘፈ፣
ባዶ መረቡን ታቅፎ፣ "አንጓች፣ ማን አሸነፈ?"
"ለጥቂት" አልሁት።
"ለጥቂት ማን?"
"ለጥቂት እኛ... አልሆንንም።"
ሳቀና መረቡን አራገፈ፤ አንዲት ቀረሶ የለችበት፤
"እኔም ለጥቂት ነው የዋልሁ፤ አሣው የሚያድርበትን ግን ደረስሁበት።"

አላጽናናኝም፤ ልዋሽ እንዴ?
"ለጥቂት" የሚሉት ነገር ከስድስቱም ይልቅ ያማል፤
በስድስቱ ስቀን አደርን፤ በዚህ ማን ስቆ ያድራል?

ማልያውን ገመድ ላይ ሳሰጣ፣ ከዘንባባ እስከ ዘንባባ፣
የባሕር ዳር መብራት ሲበራ፣ የጣና ነፋስ በየእጅጌው ገባ፤
አሥራ አንዱም ደረታቸውን ነፉ፣
ሌሊት ጨዋታ ያለ ይመስል፣ ተሰለፉ።

ማዶ ዋንጫ ያብለጨልጫል፤ እዚህ አንድ ቁጥር ይንጠባጠባል፤
የቱ እንደሚሻል ብጠየቅ፣ የልጁን ስም እጠራለሁ፦
ይበልጣል።

ግራ ጎኑ ላይ አንዲት ጭቃ አለቅም አለች፤
ተውኳት። ለከርሞ ትቆይ፤ ምስክር ናት፤ ታውቃለች።
ነገ ማልያ ሊወስዱ ሲመጡ፣ እንደ ለቀስተኛ እንዳይቆሙብኝ፤
አምና የአንድ ሳሙና ከፈሉኝ፤ ዘንድሮ ሦስት አስጨረሱኝ፤
ለከርሞ፣ በታቦቱ፣ አምስት ያስጨርሱኝ።