ዩ እና ሁለቱ ቀይ

ሰኞ ማታ ቦርሳውን ስከፍት
ከሙዝ ልጣጭ ሥር፣ ከአንድ እግር ካልሲ ሥር አገኘሁት፤
ሚስ ላፍራምቧዝ አርማ የመለሰችውን ወረቀት።
«የምወደው ጎረቤቴ» ይላል ርእሱ፤
አራት ቃል በቀይ ታስሯል፣ ከነነፍሱ።
ጎረቤት ከሚለው ውስጥ አንዲት ፊደል ጎድላለች፤
ክብር ከሚለው ወጥታለች፣ ቀለም ከሚለውም የለች።
ዩ ናት።
አፏን ከፍታ ዝም የምትል፣ ውኃ ያልተቀዳባት ዋንጫ፤
ብትገባ ድምፅ አትጨምር፣ ብትወጣ አታሰማ ኮቴ፣
ግማሽ ማርክ ግን ይዛ ሄደች ከልጄ፣ ከቤቴ።

ኅሩይ ዐሥር ዓመቱ ነው።
ዐርብ ዐርብ አባቱ መጥቶ በድልድዩ ያሻግረዋል፣
እሑድ ማታ ዊንዘር፣ ደጄ ድረስ፣ በዋሻው ይመልሰዋል፤
የቤት ሥራውም አብሮት ይሄዳል፣ አብሮት ይመጣል።
ወዲያ ማዶ፣ ዲትሮይት፣ በመሐሪ ኮምፒዩተር ሲጽፍ
ዩን በነካ ቁጥር ከቃሉ ሥር ቀይ ትል ይጋደማል፤
ሲያጠፋት ትሉም ይጠፋል።
ወዲህ ማዶ ደግሞ ሌላ ቀይ፣ እስክሪብቶ፣ ይጠብቀዋል።
አንደኛው ቀይ «ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ይላታል፤
ሁለተኛው ቀይ «የት አባሽ ሄደሽ ነው?» ይላታል።

ኬላው ላይ ጠባቂዋ በመስኮት ጎንበስ ብላ
«ሥጋ? ትንባሆ? ፍራፍሬ?» ትላለች፣ ሌላ አትልም፣ ሌላ፤
ፊደል ጥለህ እንደሆነ ማን ይጠይቅህ በኬላ?

እኔ ልፈርድ አልችልም፤ ሁለቱም ቀይ ገርፎኛል።
ደሴ ሳለሁ ሚስተር ኩሪያን፣ የህንዱ መምህራችን፣
ዩን በዘለልን ቁጥር በማስመሪያ ጠርዝ ጣታችን!
«ለንደን ብትሄዱ ምን ትሉ?» ይል ነበር፣ እያዘነልን።
ለንደን አልሄድኩም።
የሄድኩት ዲትሮይት ነው፣ ማታ ማታ ኮሌጅ፤
እዚያ ደግሞ መምህሯ፣ ገና ልጅ፣
ዩዎቼን ከምስር ውስጥ እንደ ጠጠር ለቅማ
አንድ በአንድ አወጣቻቸው።

ከመሐሪም ጋር መጀመሪያ የተጣላነው በፊደል ነው።
ስሙን እኔ በብዙኃኑ ኀ ጻፍኩ፤ አባቴ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው፣
«የተመረጠ ማለት በዚህ ሲጻፍ ነው» ብሎ ያስጠናኝ፤
እሱ በሃሌታው ጽፎ ሳቀና
«ለአንድ ጉሮሮ ሦስት ሀ! በረት ነው እንዴ?» አለኝ።
የክርስትናው ካርድ በእኔ፣ የልደቱ ኬክ በእሱ ሀ ወጣ፤
ልጁ በሁለቱም ሲጠሩት ያው «አቤት» ብሎ መጣ።
የተፋታነው በሌላ ነው፤
እሱ ለዚህ ወረቀት አይሆንም።

«ለምን ማሽን ትሰማለህ? ዩ እንዳለች አታውቅም?»
«አውቃለሁ» አለ ኅሩይ፣ ካልሲውን እየገለበጠ፤
«አባዬ ቤት ስሆን እሷ አንቺ ጋ ናት።»
እንደ ጥርስ ብሩሽ፣ እንደ ፒጃማ ነው የቆጠራት፤
የዚያ ለዚያ፣ የዚህ ለዚህ፤ ይሄ ምን ያስገርማል?

እርሳስ አነሣሁ፣ ላስገባት።
አራተኛውን ቀለበት ያኔ አየሁት፤
ማእከል የሚል ቃል ነው። የጎደለ የለበትም፤
ጫፉ ላይ ሁለት ፊደላት ቦታ ተለዋውጠው ቆመዋል እንጂ
አንዳቸውም አልሄዱም።

ከግርጌ «ወላጅ ይፈርም» ይላል፤ መስመሩ ረጅም ነው።
በግማሹ ፈረምኩ።
ዐርብ ይሻገር ወረቀቱ፤
መሐሪም ይፈርም፣ በወደደው ሀ።