የሰኞ ሰሌዳ

ሰኞ፣ ደወል ሳይደወል፣ ጠመኔዬን አንስቼ
ሦስት ነገር እጽፋለሁ፣ ሰሌዳውን አጽድቼ፦
ለንግግር፦ ሦስት ደቂቃ፣ ወረቀት ሳትይዙ፣ ቆማችሁ፣
አንድ ዕቃ ሽጡልኝ፣ ከምታውቁት፣ ከቤታችሁ።
ለሥነ ጽሑፍ፦ አንድ ግጥም፣ ከአሥራ አራት ስንኝ የማይበልጥ፣
«ልብ» የሚል ቃል የሌለበት፣ የማያለቅስ፣ የማያጌጥ።
ለምጣኔ ሀብት፦ የአንድ ነገር ዋጋ ለምን ወጣ? በምን ወደቀ?
(መልሱ በቁጥር። «አባቴ ነው ያለኝ» ያለ፣ ዓምና በዚሁ ተሳቀቀ።)

ሦስቱንም የማስተምር እኔው ነኝ፤ ትምህርት ቤቱ ትንሽ ነው፤
አርባ አንድ ተማሪ፣ አምስት መምህር፤ የቀረው ሁሉ በቆሎ ነው።
ኔብራስካ፤ ካርታ ላይ ዝንብ ያረፈች የምትመስል ከተማ፤
ከጎተራው የሚረዝም የለም፤ ሌሊት ባቡሩ ብቻ የሚሰማ።

ኦሪን ቫሴክ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ጥግ ይቀመጣል፤
ጥያቄ ሳነሣ ጫማውን ያያል፤ ስሙን ስጠራ ይደነግጣል።
ምላሱ ይያዛል።
አባቱ ግን (እግዜር ሲያሾፍ!) በአውራጃው የታወቀ አጫራች፤
ምላሱ የውሃ ወፍጮ፣ ቀን ከሌት ዞራ የማትሰለች፤
«ሃምሳ ሃምሳ፣ ስልሳ ማን አለ፣ ስልሳ ስልሳ፣ ሰባ አልሰማሁም» ሲል
ላም ያላሰበ ሰው ላም ነድቶ፣ እየሳቀ ወደ ቤቱ ሲገባ ይውል።

ረቡዕ እናቱ ደወሉ፦ «በጽሑፍ ቢሰጥሽ ምናለ?»
«ተራው ዓርብ ነው» አልኳቸው። ድምፄ ውስጥ ደንብ ብቻ ነበረ፤ እኔ የለሁበትም መሰለ።
ስልኩን ዘግቼ ቆየሁ። ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬ
ዛሬም አላውቀውም፦ መቼ ነው መግፋት? መቼ ነው «ተወው፣ ይቅር ለዛሬ»?

ዓርብ። ኦሪን ወጣ። ሰዓቴን ተጫንኩ። ከኪሱ አንድ ነገር አወጣ፦
ከላም ጆሮ የሚንጠለጠል ቢጫ ቁጥር፣ ጠርዙ የነጣ።
«ይ… ይ… ይቺ…» አለ። ዴሊያ ኩቻር ሳቋን በእጇ አፈነች።
ጆሮው ቀላ። መስኮቱን አየ። የሰዓቴ እጅ ዞረች፣ ዞረች።
ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ትከሻውን እንደ አባቱ ወደ ኋላ ጣል አደረገ፤
ባርኔጣ የሌለበትን ግንባሩን ነካ፤ በጉሮሮው ሌላ ድምፅ ፈለገ።

«አንድ መቶ አንድ መቶ፣ ሁለት ማን አለ፣ ሁለት ሁለት፣ ሦስት አየሁ፣
ቁጥር አርባ ሰባት ላም፣ ጥጃዋን በበረዶ ሌሊት በዚህ እጄ የተቀበልሁ፣
የወተት ዋጋ ስድስት ዓመት ወረደ፣ የመኖ ዋጋ ስድስት ዓመት ወጣ፣
የባንኩ ደብዳቤ ሦስት፣ አራት ማን አለ፣ አራት አራት፣ አራተኛው ማክሰኞ መጣ፣
በረቱ ሲሸጥ ሻጩ አባቴ፣ የሚሸጠውም አባቴ፣
አንደኛ ሲል፣ ሁለተኛ ሲል፣ ከአጥሩ ወዲያ እናቴ፣
ተሸጠ!»

አንዲት ፊደል አልተያዘችም። አንዲት። እንደ ወራጅ ውሃ ፈሰሰ፤
መዳፉ ጠረጴዛዬን መታ፤ የጠመኔ ብናኝ ተነሰነሰ።
ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ስምንት። ማንም አላጨበጨበ።
«አ… አመ…» አለ፣ ሊያመሰግን። ቃሉ ደጅ ደርሶ፣ ቀረ እንደታሰበ።

አሁን ማታ ነው። ከፊቴ ሠንጠረዥ፣ ቀይ ብዕር፣ የቀዘቀዘ ሾርባ።
ሦስት ዓምድ አለኝ፤ ይህ ልጅ በየትኛው ይግባ?
ግጥም ነው እንዳልል፣ ከወረቀት አልተገለበጠ፤ በምን ይቆጠራል?
«ልብ» የሚል ቃል ግን የለበትም። ይህን ደንብ ማን ጠብቆ ያውቃል?

ያለፈው ቅዳሜ እኔም ከዚያ ጨረታ ነበርኩ፤ ዳር ቆሜ፤
በአራት ዶላር የወተት ባልዲ ገዛሁ፤ «ረከሰልኝ» ብዬ፣ ተገርሜ።
ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሰሌዳው ላይ፦ «ሽጡልኝ፣ ከቤታችሁ።»
ለዚህስ ስንት ትሰጡኝ ነበር፣ እኔን ብታርሙኝ፣ ቀይ ብዕር ይዛችሁ?

ሾርባውን ዳግም ጣድኩ። ባልዲው ከበሩ ኋላ ቆሟል፤ ጃንጥላዬን ይዞ፣ ደርቆ።
የጨረታው ቁጥር አልተላጠም፤ ዛሬ ገና አየሁት፤ የኦሪን እጅ ጽሑፍ ነው፦
«ሠላሳ ዘጠኝ»፣ ተጠንቅቆ።