ያለ ጎማ

ሐምሌ ገባና አስፋልቱ ሐይቅ ሆነ፣
የዘንባባው ጥላ ውሃ ላይ ተበተነ፤
ባለ ጎማው ጫማ፣ አስራ አንዱም ጥንድ፣
በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ባንድ፣
ከወጣት ማዕከሉ በር ኋላ ተጣለ።

«ክረምት እስኪወጣ በባዶ እግር ነው ጭፈራው»
አለች እትዬ ውብዓለም፣ ከኪነት ቡድን በጡረታ የወጣች፣
ጉልበቷን በሻሽ እንደ ጨቅላ የጠቀለለች፤
«ጎማ ያልዋሸለትን እግራችሁን ልየው፣
እሱ ሲሮጥላችሁ ማን ማን እንደሆነ በምን ልለየው?»

የኔ ቁርጭምጭሚት በጄሶ ታስሯል፤
በግንቦት፣ ዓባይ ድልድይ ላይ፣ ባጃጅ ኋላ ተንጠልጥዬ… ቀሪው ታውቋል።
ስለዚህ ደብተር ሰጠችኝ፤ እርሳስ፤ አንድ ወንበር፤
«ዓይን ሁነኝ» አለች፣ «እግር መሆን ሲቀር።»
ሦስት ስም፣ ሦስት ዓምድ። በዘመን መለወጫ
ከሦስቱ አንዱ ይመራል፤ አዲሱ ጫማ ለሱ ብቻ።

እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ስኬት ይማራል» ትላለች፤
ስለ ሀብት ነው የምታወራው፤ ስለ ጎማ መች አሰበች?
እኔም አላረምኳት። እግሬ ጄሶው ውስጥ እያሳከከኝ
«ስኬት እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደህና ነው» አልኩኝ።

ይርሳው ይቆጥራል። ከንፈሩ ላይ ቁጥር አለ፤
ከበሮው ቢሳሳት እንኳ እሱ አልተታለለ።
አባቱ ግንበኛ ነው፤ በቱንቢ ያደገ፣
ወገቡን ሲያዞር ውሃ ልክ ፈለገ።
ትከሻው ላይ ጡብ ደርድሮ እስክስታ ይመታል፤
ጡቡስ አይወድቅም፤ ሰውየው የት አለ? ያሰኛል።
ስምንት ሰጠሁት። ኋላ ሰባት አልኩ። ኋላ ስምንት።
ጥፋት የሌለበትን ሰው ልቀንስበት በምን ጥፋት?

ባንቺአምላክ ትዘገያለች።
ከበሮው «ድው» ይላል፤ እሷ ቆማ ትሰማለች፤
ድምፁ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ፣ ያኔ፣
ግራ ትከሻዋ ይነቃል፤ አየሁት በዓይኔ።
እንጨት ጭኖ ከዘጌ እንደሚመጣ ታንኳ፣
የተንቀሳቀሰ አይመስልም፤ ደርሶ ኖሯል ለካ።
ጎማ ላይ ሳለች ግን ሁሌ ጭራ ነበረች፤
እኔም «ነይ እንጂ!» እያልኩ ስጮህባት ኖርኩ።
ስድስት ጻፍኩ። በሕጉ ዘግይታለች።
ደብተሩን ገልብጬ ሳየው ዘጠኝ ነች።

ታድላስ? ምን ልበል ስለ ታድላ?
አስራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ካልሲዋ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሌላ።
ባሕር ዳር በረዶ የሚወርደው ቆርቆሮ ላይ ነው፣ ለሩብ ሰዓት፤
እሷ ግን ሜዳ ሙሉ የረጋውን በስልክ አይታ፣ አልወጣ ብሏት
ውብዓለም «ጎጃምኛ!» ስትል
ሁለት ዙር አየር ላይ ትሾራለች፤ ትወድቃለች፤
«ጓ!» ይላል ጣውላው። ትስቃለች።
አወዳደቋም ስልት አለው የዚች ልጅ ነገር፣
እጇ ቀድሞ ይዘረጋል፣ እንደሚለምን ሳይሆን እንደሚያበድር።
ለመውደቅ ዓምድ የለኝም። ጠርዙ ላይ ጻፍኩኝ፦
«አራት ጊዜ ወደቀች። አራቱም አይመሳሰሉም።»

«እህስ፣ ዓይኔ? ማን ሆነ?» አለች ውብዓለም።
ደብተሩን ሰጠኋት። ገለባበጠችው። ምንም አላለችም።
ጉልበቷን ዳሰሰች፤ ወደ ጣሪያው አየች፤
ቆርቆሮው ዝም ብሏል።

ከረጢቱ ተፈታ። ሦስቱም ባሮጌው ጎማ፣
እርጥቡ መንገድ ላይ፣ ወደ ሐይቁ ማዶ ጨለማ።
እኔ ከነጄሶዬ በሩ ላይ ቀረሁ፤ ማየት የለም፤ ድምፅ ብቻ።
አንዱ እየቆጠረ ሄደ። አወቅሁት።
አንዷ ዘግይታ ተነሳች። አወቅኋት።
ደግሞ ያቺን «ጓ!» ጠበቅሁ፣
አንገቴን አስግጌ፣
ጠበቅሁ።