ምን ነካሽ?

ቢሺሼ ላይ ከሚያድገው ፎቅ ሥር ሲሚንቶ ስታቦካ ውላ፣
ማታ ፊደል ልትቆጥር ትመጣ ነበር ዚያዳ፣ እጆቿን በሻሽ ጠቅልላ።
ሰላም ስትለኝ አንጓዋን ትሰጠኛለች፣ ሊጥ እንደነካ ሰው፤
እኔም በሁለት ጣት፣ ላይ ላዩን፣ እንደ ፍም ዳስሼው
ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ፣
ጠመኔ የጠፋኝ እመስላለሁ።

«ምን ነካሽ?» ይላል ሰፈሩ፤ መልሱንም ራሱ ያውቃል፤
«ምች ነው» አሉ አንዷ፣ «ዳማከሴ ይሻላል።»
«ዓይን ነው» አሉ ሌላዋ። አንዱ ላምባ ቀባት፣
አንዱ የጥርስ ሳሙና፤ ባሰባት እንጂ መች ተሻላት።
ባለሱቁ ሸምሱ መልሷን ባንኮኒው ላይ መጣል ጀመረ፣
ለቅሶ ቤት የሷ ብርጭቆ ከሌላው ተለይቶ አደረ።
እሷም፣ ቆሻሻዋ እኔው ነኝ ብላ፣ እጇን በበረኪና ፈተገችው፤
ሌሊት፣ ልጆቿ ሳያዩ፣ እስኪደማ አጠበችው።

አንድ ማክሰኞ ጤና ኤክስቴንሽኗ ሶሬቲ መጣች፣
«ዛሬ ስለ እጅ መታጠብ ነው» ብላ ጀመረች።
ዚያዳ ከኋላ ሳቀች። ክፉ ሳቅ ነበር።
ሶሬቲ ወረቀቷን አጣጥፋ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች፣
ሻሹን ፈታ፣ ያን የተሰነጠቀ መዳፍ ጭኗ ላይ አስተኛች፤
«ምን ነካሽ?» አለች።

ያው ቃል ነው። ያው ሦስት ፊደል።
ሰፈሩ ሲጠይቅ ግን «ምን መጣብሽ?» ማለቱ ነበር፤
እሷ የጠየቀችው የእጅን ውሎ ነው፤
ጠዋት ምን ነካሽ? ከሰዓትስ? ማታ ቤት ስትገቢስ?
«ሲሚንቶ።»
«ሌላስ?»
«ሲሚንቶ። ማታ በረኪና።»
«ያለ ጓንት?»
«ጓንት? ለኛ?»

«አይጋባም!» አለች ሶሬቲ፣ ለሷ ሳይሆን ለኛ፤
«ቆዳዋ የነካውን ጠልቶ ነው። ተነሡ ጨብጧት።»
ማንም አልተነሣም። አምፖሉ ብቻ ጢዝ ይል ነበር።

ያኔ ደብተሯን አየሁት። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የለበደችው፣
ሦስት ወር ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ የመለስኩት።
ሽፋኑ ላይ ጓንት ያጠለቀ እጅ ተስሏል፣
ከሥሩም በባዕድ ፊደል ማስጠንቀቂያው ሰፍሯል።
ከዚያ ክፍል ያን ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ።
የ«ሀ»ዋን ጎባጣነት አረምኩ፤
ሽፋኑን አላነበብኩም።

ማወቅ ብቻውን ጓንት አይገዛም። ፎርማኑ ሳቀባት፤
የሁለት ቀን ደሞዟን ከፍላ ገዛች፤ በሳምንቱ ተቀደደባት።
እጇ ግማሹ ዳነ። ግማሹ ክረምት ሲገባ ያሳክካታል፤
ፎቁም ገና አራተኛው ላይ ነው።

ትናንት አዌቱ ድልድይ ላይ አገኘኋት፤ ቀድሜ መዳፌን ዘረጋሁ።
በልማድ አንጓዋን ሰጠችኝ። አልያዝኩም። ባጃጅ እየጮኸብን ጠበቅሁ።
ዘግይታ መዳፏን አመጣች፤ ሻካራ፣ ትኩስ፣
የሰው እጅ።
ልለቃት አልቻልኩም።
«ጋሼ» አለችኝ፣ ሳቅ እያለች፣
«አንተስ ምን ነካህ?»