ስድስት ሌሊት፣ ሰባት ቀን

ዕቁቤ ወጣ፣ በመስከረም ጭቃ፤
ሳንቀላፋ ነበር፣ ስሜ ሲጠራ ነው የነቃሁት በእልልታ በጩኸት በሳቃ።
ብሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከመላጊያዬ ሥር አኖርኩ፣
ሁለት ሳምንት ጣውላ ስልግ፣ ልቤን ለሁለት ስሰነጥቅ ከረምኩ።

አንዱ ልቤ ቆርቆሮ ይላል፤ የዘምዘም ወጥ ቤት ያፈስሳል።
አንዱ ልቤ ወረቀት ይዟል፣
አጂፕ ጋ ቢሮ የከፈተው፣ የጃፈር ልጅ ፉአድ የሰጠኝን፣
ሲያብረቀርቅ ያየሁትን፣ አጣጥፌ ያሳረጀሁትን፦

«ኢስታንቡል! ስድስት ሌሊት፣ ሰባት ቀን፤
ሆቴሉን፣ ቁርሱን፣ አስጎብኚውን፣ አውቶቡሱን፣ ሁሉን ችለን።»

ቁጭ ብዬ ደመርኩት፣ በእርሳሴ፣ በወንዛ ጣውላ ላይ፦
ሁለቱ ቀን ሰማይ ላይ፤
አንዱ ቀን ሰልፍና ሻንጣ ጥበቃ፤
ምንጣፍ ሱቅ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ገዛህም አልገዛህም ሳያበቃ፤
የድሮው ቤተ መንግሥት ግን፣ ያ በእንጨት ሥራው የማልመው፣
አርባ ደቂቃ ብቻ ነው።

አርባ ደቂቃ!
እኔ አንድ በርጩማ ከነሦስት እግሩ ከግንድ ፈልፍዬ እስካወጣ
ስንቱ አርባ ደቂቃ ሄደ፣ ስንቱ አርባ ደቂቃ መጣ።

ሸረፍን ጠየቅኩት፣ ባለ ወፍጮውን፤ አምና ሄዶ ነበር ከነልጁ።
«ምን አየህ?» አልኩት። ዱቄቱን ከቅንድቡ እየጠረገ በእጁ፣
«ባንዲራ» አለኝ፤ «ቢጫ፣ በዘንግ ጫፍ የታሰረ፣
አስጎብኚዋ ይዛው የምትሮጥ፤ ከዓይኑ የጠፋችበት ከሰረ።
ሽንት ቤት ገብቼ ስወጣ የሉም። ዝናቡ ላይ ተገትሬ ቀረሁ፤
በስልሳ ሁለት ዓመቴ፣ ወላሂ፣ እናቴን በዓይኔ ፈለግሁ።»
ዝም አለ። ወፍጮውን አጠፋ።
(ሸረፍ ወፍጮ ካጠፋ ነገር አለ።)
«አንድ ማለዳ ግን ከሆቴሉ ደጅ፣ መርከብ ከጉም ሲወጣ አየሁ» አለ፤
«ስለ እሱ አትጠይቀኝ።»
አልጠየቅኩትም።

ዘምዘም ደግሞ፣ ነገርን እንደ ጨው በሁለት ጣቷ ስትለካ፣
«ሂድም አልልህ፣ ቅርም አልልህ፤ ጅሬንን ጨርሰሃል ለካ!»
ብላኝ ውኃ ልትቀዳ ወጣች።
ተናደድኩ፤ ደግሞም አፈርኩ። ከአባ ጅፋር ግቢ ከገባሁ
ሠላሳ ዓመቴ፤ ያኔም በሠርጌ፣ ለፎቶ ብዬ ነው የወጣሁ።

ቅዳሜ ዝናቡ ጋብ ሲል ባጃጅ ይዤ ሽቅብ።
ዘበኛው አባ ፎጊ፣ «ምነው፣ እንግዳ መጣብህ?»
«እንግዳው እኔ ነኝ» አልኩት።

ገና ሳልቀመጥ አንድ አውቶቡስ ደረሰ፤
ሃያ ሁለት ፈረንጅ፣ ሃያ ሁለት ኮፍያ እየጎተተ ፈሰሰ።
ባንዲራዋም አለች! ይቺኛዋ ሰማያዊ።
«ሃያ ደቂቃ!» ብሎ ጮኸ አስጎብኚው።
በሆዴ ሳቅኩ፦ እነሆ፣ ብር እንዲህ ነው የሚበተነው።
ፎቶ፣ ፎቶ፣ ደግሞ ፎቶ፤ ደረጃው ጢም አለ፣ ጭር አለ።

አንዲት ሴትዮ ግን፣ ጉልበቷን በጨርቅ ያሰረች፣
ከሁሉም ኋላ ቀረች፤
የሰገነቱን መደገፊያ በጣቷ እየቆጠረች መጣችና፣
አንዷ ላይ ቆመች። ቀና፣ ጎንበስ፣ ደግሞ ቀና።
ፈገግ ብላ በእጇ ጠራችኝ።
አንዷ ቋሚ ተዘቅዝቃ፤ ራሷ ታች፣ እግሯ ላይ፤
ከዚያ ሁሉ ወንድሞቿ መሃል፣ ስንት ዘመን በእጅ ሲደገፏት፣ ማንም ሳያይ።
አንድ አናጢ፣ አንድ ቀን፣ ደክሞት ይሆናል። ወይ ሊመሽበት።
እኔ አናጢው ጅማ አርጅቼ፣ እሷ በሃያ ደቂቃ አገኘችበት።

አስጎብኚው አጨበጨበ። እያነከሰች ወረደች፤
መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ሲሄዱም ወደ ላይ ታያለች።

እስኪመሽ ሌላ ዝቅዝቅ ፈለግኩ። የለም። እሷው ብቻ ነበረች።

ብሩ ዛሬም ከመላጊያው ሥር ነው። ወጥ ቤቱም ያፈስሳል፤
ዘምዘም ባልዲ ቀይራለች፣ ጠብታው ድምፁን ለውጧል።
ሰኞ ግን ፉአድ ቢሮ ሄድኩ። ወንበር ሳበልኝ፤ (ወንበሩ የእኔ ሥራ ነው።)
«አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩት፤ «ከቡድኑ ኋላ መቅረት
ይፈቀዳል?»
ሰዓቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣
«ለስንት ደቂቃ?» አለኝ።